ለሕፃናት ጤና ሲባል የሰፈርን ቆሻሻ መለየት ከየት ይጀመራል?

ቆሻሻ መለየት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታሰበው ፕላስቲክና ወረቀት ነው። የሕፃናትን ጤና ያስቀደመ ሰፈር ግን ከእርጥቡ፣ ማለትም ከምግብ ትርፍራፊና ከአትክልት ልጣጭ ሊጀምር ይገባል፤ የቤት ዝንብ እንቁላሏን ከምትጥልባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነውና። በሞቃት አየር እንቁላሉ በአንድ ቀን ገደማ ተፈልፍሎ ትል ይሆናል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ ዝንብ ሆኖ ይበራል። ዝንቧም ሰገራ ላይ ቆይታ ሕፃኑ ምግብ ላይ ስታርፍ የተቅማጥ ተህዋስያንን በእግሯ ይዛ ትመጣለች። እርጥቡ ቆሻሻ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ ከተነሣ ግን ትሉ ለመብረር ጊዜ አያገኝም።

መለያ ባልዲ ከማዘጋጀት በፊት ቆሻሻውን ከሚያነሡት ሰዎች ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ለይቶ ያስቀመጠው ቆሻሻ ጋሪው ላይ ሲደባለቅ ያየ ቤተሰብ ዳግመኛ አይለይም፤ በእኔ እምነት እንዲህ ያለው ሥራ በብዛት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቤት ለእርጥቡ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ለደረቁ ጆንያ ያዘጋጃል። ባልዲው በተገለበጠ ቁጥር ይታጠብ፤ ታቹ ላይ የቀረ ዝቃጭ ብቻውን ትል ያፈራል።

የሕፃን ሰገራ አይጎዳም የሚባለው ስሕተት ስለሆነ፣ ከዳይፐሩ ላይ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ይራገፍና ዳይፐሩ ተጠቅልሎ ለብቻው ይታሰር፤ እጅም ወዲያው በሳሙና ይታጠብ። ምላጭና መርፌ በማይበሳ፣ ክዳን ባለው ዕቃ፣ ልጅ እጁ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ጣሳና አሮጌ ጎማ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ ይቆዩ፤ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ትንኝ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ ባቆረ ውኃ እንኳ ልትራባ ትችላለች።

የተረፈውን ፕላስቲክ ማቃጠል ግን ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም። ሕፃን ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ ይልቅ ብዙ አየር ስለሚስብ፣ ጭሱ ይበልጥ የሚጎዳው እሱን ነው።

ሥራው በተጀመረ በ2ኛው ሳምንት ጥቂት ባልዲዎች ተከፍተው ከጠርዛቸው ሥር ይታዩ። ነጫጭ ትል ከተገኘ የማንሻው ቀን ተራርቋል ማለት ስለሆነ፣ በሳምንቱ ላይ አንድ የማንሻ ቀን ይጨመር።