የመጀመሪያውን የሮክ አልበም ከባሕር ዳር ለአድማጭ ማድረስ

አሳታሚ የሌለው የጎጃም ሮክ ባንድ ለዓመታት ሲጠበቅ የቆየውን የመጀመሪያ አልበሙን የሚያወጣበትን ቀን ለሕዝብ መናገር ያለበት የሁሉም ዘፈኖች ማስተር፣ ማለትም ለመውጣት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ፣ እጁ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። እኛ «ለእንቁጣጣሽ» ብለን ቃል ከገባን በኋላ ድራሙ እንደገና መቀረጽ ስላስፈለገው በዓሉ አልፎብናል፤ ባሕር ዳር ላይ «አልበሙስ?» እያለ ለሚጠይቀን ሰው መልስ አጥተን ከርመናል።

በቀረጻ ወቅት ሰፊ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ዋሽንት ያለበት ዘፈን ነው። የጊታር ክር እየተወጠረና እየላላ ይቃኛል፤ የዋሽንት ቅኝት ግን ቀዳዳው በተበሳ ዕለት ተወስኗል። ስለዚህ ዋሽንተኛው ከያዛቸው ዋሽንቶች ለዘፈኑ የሚስማማውን መርጦ አስቀድሞ ይንፋ፤ ጊታሩና ቤዙም ለእርሱ ይቃኙ። ጊታሩ ቀድሞ ተቀርጾ ዋሽንቱ በላዩ ከተነፋ፣ በመካከላቸው ያለችው ጥቂት ልዩነት ጆሮን ትቆረቁራለች፤ በሶፍትዌር ትስተካከል ቢባል ደግሞ የነፊውን እስትንፋስ ይዛ ትሄዳለች። ሚክሱ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች የማዋሐዱ ሥራ፣ ሲያልቅ በስቱዲዮው ድምፅ ማጉያ ብቻ ሳይሆን በባጃጅ ውስጥም ይደመጥ፤ እዚያ ቤዙ ከጠፋ ሥራው አላለቀም።

ግጥሙ፣ ዜማውና ቅንብሩ የማን እንደሆነ፣ ገቢውም እንዴት እንደሚከፋፈል አልበሙ ሳይወጣ በጽሑፍ ይስፈርና ሁሉም ይፈርሙበት። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ ሥራ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ ሲገኝ ያለ ምዝገባ ጥበቃ የሚያገኝ ሲሆን፣ የኢኮኖሚ መብቱ (ከሥራው ገቢ የማግኘት መብቱ) አመንጪው በሕይወት ሳለና ካለፈ በኋላም ለ50 ዓመታት ይጸናል፤ በይሉኝታ የታለፈ ጥያቄ እንግዲህ ለልጆች ክርክር ሆኖ ይተርፋል። «ጓደኛሞች ነን፣ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለውን ሐሳብ ፈጽሞ አልቀበለውም።

ቀኑን ስትመርጡ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ተዉ፤ በአገራችን ብዙ ሰው በዚያ ወቅት ዘፈን አይሰማም። ፋሲካ ወይም ዘመን መለወጫ ይሻላል። ፋይሎቹን በዌቭ (ድምፁ ባልተጨመቀበት የፋይል ዓይነት) ለዲጂታል አከፋፋዩ፣ ማለትም ዘፈኖቹን ወደ ማድመጫ መተግበሪያዎች ለሚያደርሰው ድርጅት፣ ቢያንስ ከ4 ሳምንታት በፊት አስረክቡ፤ የሙዚቃ ማድመጫ መተግበሪያው ስፖቲፋይ ለፕሌይሊስት (ለተመረጡ ዘፈኖች ዝርዝር) እንዲታይ የሚቀርብለትን ዘፈን ቢያንስ ከ7 ቀናት በፊት ማግኘት ይፈልጋል። ለመስከረም 1 ካሰባችሁ ማስተሩ ሐምሌ ሳያልቅ እጃችሁ ላይ ይሁን።