ውሻችሁን የብልት ካንሰር ቢይዛት፦ ሕክምናው እንዴት ነው?

ቡቺ ከጅራቷ ስር ደም ጠብ ጠብ ሲላት «ወቅቷ ነው» ብዬ ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ። ቆይቶ አበባ ጎመን የመሰለ ቀይ ሥጋ ብቅ አለ። ለካ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው። የሚተላለፈውም ራሱ የዕጢው ሴል ነው፤ ሲገናኙ፣ ሲላላሱ፣ ሲሻተቱ። ደግነቱ በመድኃኒት በደንብ ከሚድኑ የውሻ ካንሰሮች አንዱ ነው።

መጀመሪያ አስመርምሩ። ሐኪሙ ከዕጢው ትንሽ ናሙና ወስዶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። «ቆርጠን እንጣለው» የሚል ካለ ቶሎ እሺ አትበሉ፤ ቀዶ ጥገና ብቻውን ሲሆን ዕጢው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

ዋናው መድኃኒት ቪንክሪስቲን ነው፤ ለሰው ካንሰርም ይሰጣል። በሳምንት አንዴ፣ ባብዛኛው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወጋል። መጠኑ በክብደቷ ስለሚሰላ ሚዛን ላይ ትውጣ። ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ በየመሃሉ የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መርፌው። ይህ መድኃኒት ደም ስር ውስጥ ሲገባ ያድናል፤ ጠብታው ከደም ስሩ ውጭ ከፈሰሰ ግን ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ቤት ውስጥ የሚሞከር ነገር አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ካኑላ፣ ማለትም ደም ስር ውስጥ የሚቀመጥ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ያስገባል። በሴላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ያጥበዋል፤ ቆዳው ካላበጠ መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ይሰጣል፤ ከዚያ እንደገና ያጥበዋል።

እኔ በሁለተኛው ሳምንት «ካኑላው ይቅር፣ ጥርቅም አድርጌ እይዛታለሁ» አልኩ። ጥቂት ብር ላተርፍ! መርፌው እንደገባ እግሯን መነጨቀችኝ። ያን ቀን ምንም አልታየም። ከቀናት በኋላ እግሯ አበጠ፣ ቆዳው ጠቁሮ ተላጠ። ቁስሉን ከወር በላይ አጠብኩ። ፈሰሰ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እዚያው ተናገሩ። ሐኪሙ መርፌውን ሳይነቅል የሚመለሰውን መልሶ ይስባል፤ ለቪንክሪስቲን ደግሞ ቦታው ላይ ሞቅ ያለ ነገር ይደረጋል።

ቤት ስትመለሱ ሽንቷንና ዓይነ ምድሯን ለጥቂት ቀናት በጓንት አጽዱ። ልጆችና ነፍሰ ጡር አይጠጉት። ትኩሳት ካላት ወይም ምግብ እንቢ ካለች ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዷት።

ደሙ ሲቆም «ዳነች» ብላችሁ እንዳታቋርጡ። ዕጢው ጨርሶ እስኪጠፋ ይቀጥላል። ቪንክሪስቲን አልሠራ ካለ ሐኪሙ ዶክሶሩቢሲን ወደሚባል ሌላ የካንሰር መድኃኒት ሊዞር ይችላል። ስትድን አስመክኗት።

እስከዚያው በሩን ዝጉ። አጥሩንም ከስር እዩት፤ የእኔዋ በአራተኛው ሳምንት በዚያ ነው ሾልካ የወጣችው።