የሁለት ሰዎችን የልደት ሰንጠረዥ አስተያይቶ የሕይወታቸውን ተመሳሳይነት ስለ መፈለግ

ሁለት ሰዎች በአንድ ዕለት መወለዳቸውን በአጋጣሚ ሲያውቁ ወሬው ወዲያው ከልደት ቀን ወደ ሕይወት ታሪክ ይሻገራል፤ «አንተም አባትህን ያጣኸው በልጅነትህ ነው?»፣ «አንቺም ሥራ የቀየርሽው በዚያው ዓመት ነው?» መባባል ይጀመራል። ይህን ጨዋታ ከቡና ላይ አንሥተው በወረቀት ላይ በሥርዓት ለመሥራት ለሚፈልጉ ሰዎች፣ የሁለት ሰዎችን የልደት ሰንጠረዥ እንዴት ማስተያየት እንደሚቻል በባሕር ዳር ሆኜ ከሞከርሁት በመነሣት እገልጻለሁ። ከዋክብት የሰውን ዕድል ይወስናሉ ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ማስተያየቱ በጥንቃቄ ከተሠራ የትኛው መመሳሰል ከምን እንደሚመጣ ለይቶ ስለሚያሳይ ሊደክሙበት የሚገባ ሥራ ነው። በጣና ዳርቻ ለተወለደ ሰው ሰንጠረዥ ሲዘጋጅ ከትርጓሜው ይልቅ የሚያስቸግረው የቀኑና የሰዓቱ ነገር በመሆኑ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያ የትኛው የኮከብ ቆጠራ እንደ ተያዘ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን የኖረው ሐሳበ ከዋክብት የሰውየውንና የእናቱን ስም ፊደላት ወደ ቁጥር ለውጦ፣ ደምሮ፣ በ12 ገድፎ በቀሪው ቁጥር ኮከቡን ያገኛል። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ አቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊና ሑት የተባሉትን ስሞች አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በዚህ መንገድ ነው። በዚህ ስሌት የልደት ቀንና ሰዓት ምንም ድርሻ ስለሌላቸው፣ የራሳቸውም የእናታቸውም ስም አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች በ40 ዓመት ቢበላለጡም ኮከባቸው አንድ ይሆናል። የልደት ሰንጠረዥ የሚባለው ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው በተወለደበት ደቂቃ፣ ከተወለደበት ቦታ ሲታዩ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፈለኮች (ፕላኔቶች) በየትኛው የሰማይ ክፍል እንደ ነበሩ የሚያሳይ ክብ ሥዕል ነው። በልደቱ ደቂቃ በምሥራቅ አድማስ በኩል እየወጣ የነበረው ነጥብ አሴንዳንት ይባላል፤ ሰንጠረዡ የሚከፈልባቸው 12 ክፍሎች፣ ቤቶች የሚባሉት፣ የሚቆጠሩትም ከእርሱ ነው። ሁለቱን ስሌቶች ቀላቅሎ «በስሙ አሰድ ነው፣ በልደቱ ግን አቅራብ» እያሉ የሚስማማውን መምረጥ ማስተያየቱን ገና ሳይጀመር ያበላሸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የልደት ቀንና ሰዓት ፍለጋ ነው። በመታወቂያ ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ በግምት የተጻፈ ስለሆነ፣ በተለይም መስከረም 1 የሚል ከሆነ፣ ወደ እናት ወይም በወሊዱ ጊዜ ወደ ነበረች አክስት መሄድ ይገባል። እናቶች ቀን የሚነግሩን በቁጥር ሳይሆን በበዓል ነው፤ የበዓሉ ስም ደግሞ ከቁጥር ይልቅ የታመነ ነው፤ ልደታ 1፣ አቦ 5፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ማርያም 21፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27 መሆናቸው አያከራክርም። ሰዓቱም እንዲሁ «ቅዳሴ ሳይወጣ»፣ «ከብት ሲገባ»፣ «ዶሮ ሲጮኽ» ተብሎ ይነገራል። የተነገረውን ቃል እንዳለ ጽፎ፣ ከጎኑ የራስን ግምት «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት» ብሎ ማስፈር እንጂ አንድ ቁርጥ ያለ ሰዓት መፍጠር አይገባም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። የአንድን ሰው የልደት ሰዓት፣ የክርስትና ስምና የእናት ስም የሚጠይቅ ሰው በብዙ ቤት ውስጥ በበጎ ዓይን አይታይም፤ «ምን ሊያስደግምበት ነው?» ይባላል፣ ስጋቱም ከልማድ የመጣ በመሆኑ ሊናቅ አይገባውም። ስለዚህ የተፈለገበትን ምክንያት አስቀድሞ ለእናቲቱ መንገር፣ ለልደት ሰንጠረዥ የማያስፈልገውን የክርስትና ስም ፈጽሞ አለመጠየቅና የተጻፈውን በፊታቸው ማንበብ የተሻለ ነው። «እማማ፣ የተወለደ ዕለት ዝናብ ነበር እንዴ?» ብሎ መጀመር ሰዓቱን በቀጥታ ከመጠየቅ ይልቅ ብዙ ያስገኛል።

አሁን በምሳሌ እንሂድ። አንዲት እናት ልጃቸው በ1980 ዓ.ም. «ኅዳር ሲታጠን፣ እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ገደማ» እንደ ተወለደ ነገሩን እንበል። ኅዳር ሲታጠን ማለት የሚካኤል ዕለት፣ ኅዳር 12 ነው። ይህን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የሚመልስ ሰው በልማድ ኖቬምበር 21 ሊል ይችላል፤ ይሳሳታልም። 1980 ለ4 ሲካፈል ቀሪ የማይተው ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከእርሱ ቀድሞ ያለፈው ዘመነ ሉቃስ ጳጉሜኑ 6 ቀን ስለሆነ የዘመነ ዮሐንስ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ የአንድ ቀኑም ልዩነት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ስለዚህ ትክክለኛው ቀን ኖቬምበር 22 ቀን 1987 ነው። የእናቲቱ «እሑድ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ይጠቅመናል፤ ኖቬምበር 22 እሑድ፣ 21 ግን ቅዳሜ ነበር። ጨረቃ በአንድ ቀን 13 ዲግሪ ያህል ስለምትጓዝ የአንድ ቀን ስሕተት ጨረቃን የአንድ ምድብ (ከ12ቱ ኮከቦች የአንዱ ክፍል፣ 30 ዲግሪ) ግማሽ ያህል ያዛውራታል። ሌሊት የተወለደ ሰው ከሆነ ደግሞ ዕለቱን በ«አጥቢያ» መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ልጅ በአውሮፓ አቆጣጠር የዓርብ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ግን ሐሙስ ሊል ይችላል።

ሰዓቱም መመለስ አለበት። ጠዋት 2 ሰዓት ወደ ኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲገባ 8 ሰዓት ተብሎ መጻፍ ሲገባው 2 ተብሎ ከገባ፣ አሴንዳንቱ በ6 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄድና ሦስት ምድብ ያህል ይዛነፋል፤ ያየኋቸው አብዛኞቹ የተበላሹ ሰንጠረዦች የተበላሹት በዚህ ነው። ለማረጋገጥ ፀሐይን መመልከት ይበቃል። ፀሐይ ስትወጣ የተወለደ ሰው ፀሐዩ በአሴንዳንቱ ላይ መገኘት አለባት፤ በምሳሌያችን ያለው ልጅ የተወለደው ፀሐይ ከወጣች ከአንድ ሰዓት ተኩል ያህል በኋላ ስለሆነ ፀሐዩ ከምሥራቅ አድማስ ጥቂት ከፍ ብላ መታየት አለባት፤ ሥዕሉ ፀሐይን ከመሬት በታች ካሳየ የገባው ሰዓት የተሳሳተ ነው። ባሕር ዳር በ11.6 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ የፀሐይ መውጫ በዓመቱ ውስጥ ብዙ አይለዋወጥም፤ በሰኔ ከ12 ሰዓት ጥቂት አልፎ፣ በጥር ደግሞ 1 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ትወጣለች። «ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን» የሚል ምስክርነት ከመጣም ልክ 6 ሰዓት ብሎ መውሰድ ስሕተት ነው፤ ከተማይቱ በ37.4 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ በመሆኗ፣ የአገሪቱ ሰዓት ግን የ45ኛው ዲግሪ ሰዓት በመሆኑ፣ በባሕር ዳር ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሁለተኛው ሰው የጎንደር ወይም የዘጌ ተወላጅ ቢሆን በኬንትሮስ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም።

ሁለቱም ሰንጠረዦች በአንድ ዓይነት የምድብ አቆጣጠር መሠራት አለባቸው። በሕንዶች ዘንድ የተለመደው አቆጣጠር ከምዕራባውያኑ በ24 ዲግሪ ያህል ስለሚለይ አንዱን በዚህ፣ ሌላውን በዚያ ሠርቶ ማስተያየት ትርጉም የለውም።

ሰንጠረዦቹ ከመከፈታቸው በፊት የሁለቱ ሰዎች ታሪክ ይጻፍ። ይህ ቅደም ተከተል ሊታለፍ አይገባም፤ ሰንጠረዡን አስቀድሞ ያየ ሰው ትዝታውን ሳያውቀው ወደ ሰንጠረዡ ያጎነብሳል። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ሆኖ ከ20 የማያንሱ የሕይወቱን ክስተቶች፣ ለምሳሌ ሞትን፣ ሕመምን፣ ከቤት መውጣትን፣ ጋብቻን፣ ልጅን፣ የሥራ ለውጥን፣ ጠብን፣ ከነወራቸውና ከነዓመታቸው ይጽፋል። ወሩ ከተረሳ «ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?» እያሉ ማጥበብ ይቻላል። ከዚያም በአንድ ትውልድ ላይ የደረሱ ነገሮች ይሰረዛሉ፤ ሁለት ተማሪዎች በመጋቢት 2012 ትምህርታቸው መቋረጡ መመሳሰል አይደለም፤ በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘግተው ነበርና። መመሳሰል የሚባለው ምን እንደሆነም አሁኑኑ ይወሰን፤ እኔ አንድ ዓይነት ክስተት በሁለቱ ሕይወት ውስጥ በ6 ወር ልዩነት ውስጥ ከወደቀ ብቻ እቆጥራለሁ።

ወደ ማስተያየቱ ስንገባ ሁሉም ፈለክ እኩል ክብደት የለውም። ዙሐል፣ ማለትም ሳተርን፣ በአንድ ምድብ ውስጥ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል፣ መሽተሪ የሚባለው ጁፒተር አንድ ዓመት ያህል፣ ዩራነስ ሰባት ዓመት፣ ኔፕቱን 14 ዓመት ያህል ይቆያሉ። አንድ ክፍል ውስጥ አብረው የተማሩ ልጆች ሁሉ እነዚህን ይጋራሉ፤ ስለዚህ «ዙሐላችን በአንድ ቦታ ነው» ማለት «አንድ ዘመን ተወለድን» ከማለት አያልፍም። ዙሐል አንድ ዙር ጨርሶ ወደ ልደት ቦታው የሚመለሰው በ29 ዓመት ተኩል ገደማ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ጋብቻ ወይም አዲስ ሥራ የሌለበትን ሰው መፈለግ እንጂ ያለበትን መፈለግ አያዳግትም። ለአንድ ሰው የተለዩ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፤ በሁለት ቀን ከሩብ ያህል ምድብ የምትቀይረው ጨረቃና በሁለት ሰዓት ያህል የሚቀየረው አሴንዳንት። መመሳሰል የሚፈተሸው በእነዚህ ነው፤ ለሰዓቱ ያን ያህል የደከምነውም ስለዚህ ነው።

በሁለቱ ሰንጠረዦች መካከል ያሉ ማዕዘኖችን መቁጠር የተለመደ ነው፤ 0፣ 60፣ 90፣ 120 እና 180 ዲግሪ። እዚህ ላይ ብዕር ይዞ ማስላት ይገባል። ፀሐይና ጨረቃ ተጨምረው ከእያንዳንዱ ሰንጠረዥ 10 አካላት ቢወሰዱ 100 ጥንዶች ይሆናሉ። እስከ 6 ዲግሪ መዛነፍ ከተፈቀደ ከ360ው ዲግሪ 96ቱ «ማዕዘን» ተብሎ ይቆጠራል፤ ስለዚህ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ቢወሰዱ እንኳ 27 ያህል ማዕዘኖች ይገኛሉ። መዛነፉ ወደ 2 ዲግሪ ቢጠብ ቁጥሩ ወደ 9 ይወርዳል። «ከእርሷ ጋር 25 ግንኙነት አለን» ብሎ የሚደነቅ ሰው ይህን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ባልተደነቀ ነበር።

ስለ ትይዩ ሕይወት ሲነገር ዘወትር የሚጠቀሱት ቻርልስ ዳርዊንና አብርሃም ሊንከን ናቸው። ሁለቱም ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1809 ተወለዱ፤ በእኛ የካቲት 6 ቀን 1801 መሆኑ ነው። ዳርዊን በ8፣ ሊንከን በ9 ዓመቱ እናቱን አጣ፤ ሁለቱም ባርነትን ተቃወሙ፤ ሁለቱም ልጆቻቸውን ቀበሩ። ዝርዝሩ ያምራል። ነገር ግን አንዱ የእንግሊዝ ሀብታም ሐኪም ልጅ፣ ሌላው በኬንታኪ በግንድ ጎጆ የተወለደ የገበሬ ልጅ ነበር፤ አንዱ በ73 ዓመቱ በቤቱ ሞተ፣ ሌላው በ56 ዓመቱ በጥይት ተገደለ፤ በዚያ ዘመን ልጅ መቅበርም የብዙ ቤት ዕጣ ነበር። የማይመሳሰሉትን ነገሮች በሁለተኛ ዓምድ የማይጽፍ ሰው ማንንም ከማንም ጋር ሊያመሳስል ይችላል።

ከዚህ የበለጠ የጠራ ምሳሌ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመታት በፊት ስለ ወዳጁ ስለ ፊርሚኖስ ጽፏል። የፊርሚኖስ አባትና አንድ ወዳጁ በከዋክብት የሚያምኑ ሰዎች ስለነበሩ የፊርሚኖስ እናትና የወዳጁ ገረድ ሲወልዱ ሰዓቱን ለማሳወቅ እርስ በርሳቸው መልእክተኛ ላኩ፤ መልእክተኞቹም ከሁለቱ ቤቶች እኩል ርቀት ላይ መንገድ ላይ ተገናኙ። ሰንጠረዡ አንድ ነበር፤ ፊርሚኖስ ግን በሀብትና በክብር ሲያድግ የገረዲቱ ልጅ ባሪያ እንደሆነ ቀረ። አውግስጢኖስ ከዚያ ወደ ዔሳውና ያዕቆብ ያልፋል፤ የእኛም ሽማግሌዎች ክርክሩ ሲነሣ የሚጠቅሱት እነዚሁኑ መንትዮች ነው።

በራስ ጥንድ ላይ ፍርድ ለመስጠት የሚቻለው በጭፍን ፈተና ነው። አራት ሰዎች ይመረጡ፤ ታሪካቸው ስምና የልደት ዓመት ተሸፍኖ በፊደል፣ ሰንጠረዦቻቸውም በቁጥር ይሰየሙ፤ ከአራቱ ማንንም የማያውቅ፣ ሰንጠረዥ ማንበብ የሚችል ሰው ያዛምዳቸው። ቢቻል አራቱም በአንድ ዓመት የተወለዱ ይሁኑ፤ አለዚያ ዙሐልና መሽተሪ ዕድሜያቸውን ያሳብቃሉ። አራቱን ማዛመድ የሚቻልባቸው መንገዶች 24 ሲሆኑ ቢያንስ አንዱ በአጋጣሚ የሚገጥምባቸው 15 ናቸው፤ ስለዚህ አንድ መግጠም ምንም አይነግረንም፤ አራቱም በአጋጣሚ የሚገጥሙት ከ24 አንድ ጊዜ ነው። ሾን ካርልሰን የተባለ ተመራማሪ ተመሳሳይ ፈተና ለኮከብ ቆጣሪዎች ሰጥቶ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳትሟል፤ ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች የሰንጠረዡን ባለቤት መርጠው ያገኙት በአጋጣሚ ከሚገኘው አልበለጠም። በለንደን በማርች 1958 በደቂቃዎች ልዩነት የተወለዱ ከ2,000 በላይ ሰዎች ከመቶ በሚበልጡ መለኪያዎች ሲነጻጸሩም ከሰዓታቸው የመጣ መመሳሰል አልታየም። በእኔም እጅ ካለፉት ጥንዶች መካከል በጨረቃና በአሴንዳንት የተደገፈ፣ ከተሰረዙት የዘመን ነገሮች የተረፈ መመሳሰል አላገኘሁም፤ ያገኘሁት ብዙው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዘመንና በአንድ ዓይነት ቤት ከማደግ የመጣ ነበር።

ውጤቱ በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ የልደት ሰዓቱ ከማን እንደ ተገኘና በምን ያህል ግምት እንደሆነ፣ የተመሳሰሉትና ያልተመሳሰሉት ክስተቶች ብዛት፣ እንዲሁም የጭፍን ፈተናው ውጤት ይስፈርበት። እናቲቱ በኋላ «ቅዳሴ ወጥቶ ነበር እኮ» ብለው ሰዓቱን ካረሙ ፈለኮቹ ባሉበት ይቀራሉ፤ አሴንዳንቱና ቤቶቹ እንደ ገና ይሠራሉ፣ ጨረቃም ከምድብ ድንበር አጠገብ ከሆነች ትታያለች። ሥራው ሲያልቅ ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት ለባለቤቱ ቤተሰብ እመልሳለሁ፤ አንዳንድ እናቶች ተቀብለው ከመጽሐፍ መካከል ያኖሩታል፣ አንዳንዶች ደግሞ እኔ ቡና እየጠጣሁ ሳለ ከምድጃው ውስጥ ይጨምሩታል።