ባህላዊ ደጋንና ፍላጻ፦ አመራረጡና ልክ አያያዙ

ደጋን የሚገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ፓውንድ ነው?" ብሎ ነው፤ ገመዱን ለመሳብ የሚያስፈልገው ጉልበት ማለት ነው። ጥያቄው ልክ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከፍተኛውን ቁጥር ሲመርጥ ነው። 50 ፓውንድ ይዞ እጁ እየተንቀጠቀጠ ከሚስብ ይልቅ በ30 ፓውንድ ረጋ ብሎ የሚስብ ሰው ቶሎ ይለምዳል። ለጀማሪ ከ25 እስከ 30 ይበቃል። በበርካታ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘን ለማደን 35 ወይም 40 ፓውንድ ዝቅተኛው ነው፤ እዚያ የሚደረሰው ግን ቀስ በቀስ ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት። ገመዱን እስከ አፋችሁ ጥግ ሳቡና እስከ አምስት ቁጠሩ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከወጣ ከብዷችኋል ማለት ነው። ስትመልሱት በዝግታ፤ ፍላጻ ሳይኖርበት ገመዱን በፍጹም አትልቀቁ። ጉልበቱ የሚሄድበት ስለሌለው ደጋኑን ራሱን ይሰነጥቀዋል።

እዚያው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ደጋኑ ላይ የተጻፈው ፓውንድ 28 ኢንች ሲሳብ ያለው ነው፤ ወደ 71 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። እጃችሁን ግራና ቀኝ ዘርጉና ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ አስለኩ፣ ከዚያ ለ2.5 አካፍሉት፤ እናንተ ገመዱን የምትስቡበት ርዝመት ይወጣል። 165 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 66 ይመጣል፣ 26 ኢንች ገደማ። እንዲህ ላለ ሰው 40 ተብሎ የተጻፈው ደጋን እጁ ላይ 35 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ፍላጻው። ለእኔ ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ተራ ደጋን በጥሩ ፍላጻ ይመታል፣ ውድ ደጋን በማይስማማው ፍላጻ ይስታል። ፍላጻ ከገመዱ ሲወጣ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እጀታውን ሲያልፍ ይተጣጠፋል፣ ከዚያ ይቃናል። ስለዚህ የዘንጉ፣ ማለትም የፍላጻው ረጅም አካል፣ መተጣጠፍ ከደጋኑ ጉልበት ጋር መመጣጠን አለበት። መመጣጠኑን ለማወቅ ላባ ያላቸው ሁለት ሦስት ፍላጻዎች ወርውሩ፣ ከዚያ ላባ የሌለው አንድ፣ ከ10 ሜትር አካባቢ። በቀኝ እጃችሁ ለምትስቡ፣ ላባ የሌለው ከሌሎቹ ወደ ግራ ከሄደ ዘንጉ ደርቋል፣ በበቂ አይተጣጠፍም ማለት ነው፤ ጫፉ ላይ ከበድ ያለ ብረት አድርጉ። ወደ ቀኝ ከሄደ ለስልሷል፣ ከልክ በላይ ይተጣጠፋል፤ ቀለል ያለ ጫፍ አድርጉ ወይም ዘንጉን ትንሽ በትንሽ አሳጥሩት። በግራ እጃችሁ የምትስቡ ተቃራኒውን አንብቡ። ክብደትም አለ፦ ለአደን ለእያንዳንዱ የደጋን ፓውንድ 10 ግሬን (ትንሽ የክብደት መለኪያ) የፍላጻ ክብደት የሚል የተለመደ ልኬት አለ። ለ40 ፓውንድ 400 ግሬን፣ ወደ 26 ግራም ይሆናል። በጣም የቀለለ ፍላጻ ደጋኑንም ይጎዳል።

ቀርከሃ ዘንግ የምትጠቀሙ ከሆነ፣ የጎበጠውን ቦታ ፍም ላይ አሙቁና ሳይቀዘቅዝ በእጃችሁ አቅኑት። ከመወርወራችሁ በፊትም እያንዳንዱን ፍላጻ ከፊታችሁ አርቃችሁ ትንሽ አጉብጡና ስሙት፤ የመሰንጠቅ ድምፅ ካሰማ ስንጥቅ አለው፣ እንዳትወረውሩት፣ ሲወጣ ተሰብሮ እጃችሁ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ገመዱ ላይ ፍላጻው የሚቀመጥበትን ቦታ በክር ጠምጥማችሁ ምልክት አድርጉ፤ ፍላጻው ደጋኑ ላይ ከሚያርፍበት ቦታ ቀጥታ መስመር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ላባ የሌለው ፍላጻ ከሌሎቹ ዝቅ ብሎ ከመታ ምልክቱን አውርዱ፣ ከፍ ካለ ስቀሉት።

ዒላማ ለመሥራት ብዙ ወጪ የለም። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከፊራ ወይም ታይዋን ገበያ ሁለት ጆንያ ግዙ፣ አሮጌ ልብስ ጠቅጥቃችሁ ሙሉበት፣ አፉን ስፉ። ቁልፍና ዚፕ ከልብሱ አውጡ። የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ሰፊ ነው ብላችሁ እዚያ እንዳትሞክሩ፤ ሰው የሚያቋርጥበት ነው። ከጀርባ ከፍ ያለ አፈር ያለበትን፣ ሰውም ከብትም የማያልፍበትን ቦታ ፈልጉ።

አደን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። አገራችን ውስጥ የዱር እንስሳ ማደን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው ባቢሌ ደግሞ የዝሆኖች መጠለያ ነው፣ ደጋን ይዞ የሚገባበት አይደለም። ፈቃድ ባለበት አገርም ቢሆን ከ15 እስከ 20 ሜትር ባለው ርቀት በእርግጠኝነት መምታት እስክትችሉ አትውጡ። የአደን ጫፍ እንደ ምላጭ መሳል አለበት፤ የደነዘዘ ስለት እንስሳውን ቶሎ አይገድለውም፣ ያሰቃየዋል።

የድሬን ሙቀት የምታውቁት ነው። በሙጫ የተጣበቀ ደጋን ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ከተዋችሁት ሙጫው ይለቃል፤ እንጨቱም በድርቀት ይሰባበራል። ስትጨርሱ ገመዱን ፍቱት፣ ቤት ውስጥ ጥላ ባለበት ግድግዳ ላይ አግድሙት። ገመዱን አልፎ አልፎ በሰም እሹት፤ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ካያችሁ ቀይሩት።