«ይውጣ» የተባለው የኑዛዜ ትዕይንት እንዴት ተረፈ

ለአንድ የካቶሊክ መጽሔት አጭር ልብ ወለድ ልኬ ነበር። አርታዒው «ግሩም ነው፤ የኑዛዜው ትዕይንት ግን ይውጣ» አሉኝ። እሱ ከወጣ ታሪኩ ምን ይተርፈዋል?

ከመከራከር ይልቅ «የትኛው ዓረፍተ ነገር ነው ያስቸገረዎት?» ብዬ ጻፍኩላቸው። ለካ ጣጣው ያለው አንዲት መስመር ላይ ነው። ካህኑ የሟቹን ሚስት «ባልሽ ተጸጽቶ ነው የሞተው» ይላታል። ሊያጽናናት ነው፤ ያወቀው ግን ሰውየው ኃጢአቱን ሲናዘዝለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የላቲን ሥርዓት ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን የምትመራበት የቀኖና ሕግ፣ ቁጥር 983፣ ካህኑ በቃልም ሆነ በሌላ መንገድ፣ በምንም ምክንያት ተናዛዡን እንዳያጋልጥ ይከለክላል። የተናዛዡ ሞት እንኳ ከዚህ ነፃ አያወጣውም።

ሕጉ የሚያስረው ግን ካህኑን እንጂ ተናዛዡን አይደለም። መውጫዬም እዚያ ጋ ነበረች። ባልየው ራሱ ለሚስቱ ደብዳቤ ትቶላት እንዲሞት አደረግኩ። ካህኑን ስትጠይቀው «እንጸልይለት» ብቻ ይላታል። እሷም ትናደድበታለች። እውነቱን ለመናገር፣ ከበፊቱ ይሻላል።

አርታዒው መጨረሻው ላይ ስብከት ቢጤ እንድጨምርም ጠይቀው ነበር። ይህን ጥያቄ ግን በትሕትና እንቢ አልኩ። ታሪኩ ከነኑዛዜው ታተመ።