«ምነው በገላገለው»፦ ስለ ታገዘ ሞት ሕግ በአካል ጉዳተኞች ማኅበርና በእድር ውይይት ለሚመራ ሰው

ደብረ ብርሃንም ሆነ መንዝ፣ አንኮበርም ሆነ ቡልጋ፣ ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ቤት የሚገባ ጠያቂ ጋቢውን ሰብስቦ ይቀመጥና «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ ተነሥቶ ሲወጣ ደግሞ ደጃፉ ላይ አስታማሚዋን ዝቅ ባለ ድምፅ «ምነው በገላገለው» ይላታል። በክፋት አይደለም፤ የሴትዮዋ ድካም አሳዝኖት ነው። ነገር ግን የብዙዎቻችን ቤት በር ቆርቆሮ ስለሆነ የተኛው ሰው ሁለቱንም ይሰማል። እኔ እግሮቼ መታዘዝ ካቆሙ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ይህንኑ ቃል ከአልጋዬ ሆኜ ሰምቼዋለሁ።

በውጭ አገር ሐኪም ታማሚውን በፈቃዱ እንዲሞት የሚረዳባቸው ሕጎች መውጣታቸውን የማኅበራችን አባላት በስልካቸው እያነበቡና በሬዲዮ እየሰሙ «እኛስ ምን እንላለን?» ብለው መጠየቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ውይይት በማኅበር ወይም በእድር እንዲመራ ለተመረጠ ሰው የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሦስት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል፤ ካልተለዩ ሰዓቱ በመደናገር ያልቃል። አንደኛው ታማሚው ሕክምና አልፈልግም ማለቱ ወይም የተጀመረው እንዲቋረጥ መጠየቁ ነው። በእኛ አካባቢ ቤተሰብ «ከእንግዲህ ቤቱ ይግባ» ብሎ ሰውየውን ከሆስፒታል ሲያወጣ የሚሆነው ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነቱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚወስነው ታማሚው ሳይሆን ወንድሙ ወይም ልጁ መሆኑ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ መነጋገሪያ ነው። ሁለተኛው ሕመም ማስታገስ ነው። ካንሰር ለጠናበት ሰው ሐኪም በመጠኑ ሞርፊን ቢያዝለት፣ የቀረውን ዕድሜ ያለ ስቃይ እንዲኖር ብሎ እንጂ እንዲሞት ብሎ አይደለም። የክርክሩ ርዕስ የሆነው፣ የታገዘ ሞት የሚባለው፣ ሦስተኛው ነው፤ እርሱም ታማሚው ሲጠይቅ ሐኪሙ ሞትን ለማምጣት ታስቦ የተዘጋጀ መድኃኒት ማዘዙ ወይም ራሱ መስጠቱ ነው። በመራኋቸው ውይይቶች ሁሉ «ኦክስጅኑን የነቀሉለትስ?» የሚል ሰው አልጠፋም፤ መሪው ጥያቄው ከሦስቱ በየትኛው ሥር እንደሚወድቅ ከአባላቱ ጋር ሆኖ ቢያፈላልግ ሌላ ትምህርት አያስፈልግም።

የአገሮቹን ሕግ ሁሉ መዘርዘር ሰውን ያሰለቻል። ኔዘርላንድስና ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2002፣ ስፔን በ2021 እንዲህ ያለውን ሕግ በሥራ ላይ ማዋላቸውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅሶ ጊዜውን ለሁለት ሕጎች ማዋል ይሻላል (ስለ ውጭ አገሮች ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)። የመጀመሪያው በአሜሪካ የኦሪገን ግዛት ከ1997 ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ ጠያቂው ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ከስድስት ወር በላይ አይኖርም ተብሎ በሐኪሞች የተገመተ መሆን አለበት፤ መድኃኒቱንም የሚወስደው ራሱ ነው። ሁለተኛው የካናዳ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 ክልከላውን ከሻረ በኋላ በ2016 የወጣው ሕግ ሞቱ ሊገመት በሚችል ጊዜ ውስጥ ለሆነ ሰው ብቻ የተወሰነ ነበር፤ በ2021 ግን ይህ ገደብ ተነሣና ሞቱ ያልቀረበ፣ ነገር ግን ከጽኑ ሕመም ወይም ከአካል ጉዳት ጋር የሚኖር ሰውም መጠየቅ እንዲችል ተደረገ። ለዚህኛው ጠያቂ ቢያንስ 90 ቀን የሚወስድ ምርመራ ተደንግጎለታል።

በሰሌዳ ወይም በካርቶን ላይ አንድ መስመር አስምሩና በግራ «ሞቱ የቀረበ»፣ በቀኝ «ሞቱ ያልቀረበ፣ ነገር ግን አካል ጉዳተኛ የሆነ» ብላችሁ ጻፉ። ሕጉን የሚቃወሙ የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቾች ክርክር በዚህ መስመር ላይ የቆመ ነው። ጤነኛ ሰው «መሞት እፈልጋለሁ» ሲል ሁሉም ሊያድነው ይሮጣል፤ አካል ጉዳተኛው ይህንኑ ሲል የሚመጣለት ማመልከቻ ከሆነ፣ ሕጉ የሁለቱን ሕይወት በእኩል ሚዛን አልመዘነም ይላሉ። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮሚቴም በመጋቢት 2025 ካናዳ ሞታቸው ላልቀረበ ሰዎች የከፈተችውን መንገድ እንድትሽር መክሯል። ስለ 90 ቀኑ የራሴን ልናገር፦ ከተጎዳሁ ከ90 ቀን በኋላ ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት እንደሚዛወሩ እንኳ አልተማርኩም ነበር፤ ያኔ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር ምን እንደምመልስለት አውቃለሁ። ባለፉት ዓመታት ጦርነት አካላቸውን ያጎደለባቸው ወጣቶች በጉባኤው ካሉ፣ ይህን ነጥብ ማንም ሳያብራራላቸው ይረዱታል።

ይሁን እንጂ መሪው «አካል ጉዳተኛ ሁሉ ይህን ሕግ ይቃወማል» ማለት የለበትም፤ እውነት አይደለምና። በካናዳ ገደቡ እንዲነሣ ምክንያት የሆነውን ክስ በኩቤክ ፍርድ ቤት አቅርበው በ2019 ያሸነፉት ዣን ትሩሾንና ኒኮል ግላዱ ሁለቱም አካል ጉዳተኞች ነበሩ። በእንግሊዝም መላ ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው ቶኒ ኒክሊንሰን ሐኪም እንዲረዳው ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ቆሞ በ2012 ተረቶ ነበር። «በሰውነቴ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ» የሚለው ቃል የእኛም ንቅናቄ ቃል ነው፤ ሐኪምና ዘመድ በስማችን እንዳይወስኑ ስንታገል የኖርነው ይህንኑ ይዘን ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ራሷ በተሽከርካሪ ወንበር ትንቀሳቀስ የነበረችው ዲያን ኮልማን በ1996 በአሜሪካ «ገና አልሞትንም» የሚል ትርጉም ያለው ስም የሰጠችውን ድርጅት መሥርታለች፤ የፓራሊምፒክ ሯጭ የነበረችው ታኒ ግሬይ ቶምፕሰንም በእንግሊዝ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ከጽኑ ተቃዋሚዎች አንዷ ናት። በዚያው አገር የተወካዮች ምክር ቤት በሰኔ 2025 የታገዘ ሞት ሕግ ረቂቁን ያሳለፈው በ314 ድምፅ ለ291 መሆኑ፣ ነገሩ የትም ቦታ ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

ስለ ሂትለር ዘመን የሚያነሣ ሰው ይኖራል። ከ1940 እስከ 1941 በጀርመን ወደ 70,000 የሚጠጉ አካል ጉዳተኞችና የአእምሮ ሕሙማን በመንግሥት ትእዛዝ በጋዝ መገደላቸው የተረጋገጠ ታሪክ ነው፤ ነገር ግን ያ ያለ ፈቃድ የተፈጸመ ግድያ በመሆኑ ውይይቱን በእርሱ መክፈት አልመክርም፤ የሌላውን ወገን አፍ ዘግቶ ያስቀምጣል።

የእኛን አገር ሕግ በተመለከተ አጭር መልስ ይበቃል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 መሠረት ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ መገፋፋትም ሆነ መርዳት ወንጀል ነው። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 10 በሕይወት የመኖርን መብት፣ በአንቀጽ 25 ደግሞ በፈቃድ ላይ የተመሠረተ ሕክምና የማግኘትን መብት ይደነግጋል። «ታዲያ እዚህ ያልተፈቀደውን ለምን እንወያየው?» ለሚል ሰው መልሱ ደጃፍ ላይ የሚነገረው ቃል ነው።

ይህን የሚያስረዳ አንድ መረጃ ከኦሪገን አለ። የግዛቱ የጤና መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት፣ ሰዎቹ መድኃኒቱን ለምን እንደጠየቁ ሐኪሞቻቸው ሲገልጹ፣ ከሕመም ስቃይ ይልቅ ደጋግሞ በግንባር የሚጠቀሰው ራስን ችሎ መኖር አለመቻል፣ ደስ የሚያሰኙ ነገሮችን ማድረግ አለመቻልና ክብርን ማጣት ነው። ይህን ዝርዝር ለጉባኤው አንብቡና ዝም በሉ። እኛ ዘንድ ሳነበው፣ ልብሱን ሰው የሚያለብሰው፣ ምግቡንም ሰው የሚያጎርሰው የማኅበሩ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ባለፈው ወር ያልተወራረደችውን 340 ብር ገና አልረሳም ነበርና «ክብሬን ያጣሁት ያቺ ደረሰኝ የጠፋች ዕለት ነው» አለ። ከሳቁ በኋላ ነው ሰው ከልቡ መናገር የጀመረው።

ስለ ቦታውና ሰዓቱ ጥቂት ልበል። በጥቅምትና በኅዳር ደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ስለሚሆን፣ በክራንች የሚሄድ ሰው ኮብልስቶኑ ላይ እንዳይንሸራተት ስብሰባውን ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት አትጥሩ። አዳራሹ ፎቅ ላይ ከሆነ ተዉት፤ ሰውን በሸክም አውጥቶ ስለ ክብር ማወያየት አይቻልም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአስተርጓሚው ነገር ነው። መስማት ለተሳነው አባል በምልክት ቋንቋ እኅቱ ወይም ልጁ እንድትተረጉምለት መፍቀድ በሌላ ስብሰባ ያስኬድ ይሆናል፤ በዚህኛው ግን አያስኬድም። «እኅቴን ያስቸገርኳት ይመስለኛል» የሚለውን ቃል በእኅቱ እጅ እንዴት አድርጎ ያስተላልፋል? በትምህርት ቤት ወይም በሌላ ማኅበር በኩል ዘመድ ያልሆነ አስተርጓሚ ፈልጉና፣ ፊቱ ብርሃን እንዲያገኝ ከመስኮት ፊት ለፊት አስቀምጡት። በዚሁ ምክንያት አስታማሚዎችም የራሳቸው የውይይት ክብ ቢኖራቸው መልካም ነው፤ እነርሱም በሽተኛው ፊት የማይናገሩት ብዙ አላቸው።

የመጀመሪያውን ውይይት ስመራ ያበላሸሁት አከፋፈቱን ነው። አንድ የተማሩ እንግዳ ጋብዤ 40 ደቂቃ ስለ ሕጎቹ ተናገሩ፤ ቀጥለው አንድ አባት «ሕይወት የእግዚአብሔር ናት» ብለው ባረኩ፤ ሁሉም አሜን ብሎ ተበተነ። በሩ ላይ አንዲት እናት «ስለ ሞቴ ይህን ያህል ሲነገር፣ ሌሊት መጸዳጃ ቤት እንዴት እንደምወጣ የጠየቀኝ የለም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሕጎቹን ወደ ኋላ አደርጋለሁ፤ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰው ፊታችሁ ወይም ደጃፋችሁ ላይ ‹ሞት ይሻላል› ብሎ ያውቃል? ያኔ ምን ጎድሎባችሁ ነበር?» የሚል ነው፤ ንግግሩንም አካል ጉዳተኛ አባላት ይጀምራሉ፣ እንግዶች በመጨረሻ ይናገራሉ። ቄሱንም ሆነ ሼሁን አስቀድሞ ቤታቸው ሄዶ ተራቸው መቼ እንደሆነ በአክብሮት መንገር ያስፈልጋል። የሃይማኖቱን ትምህርት የሚከራከር መሪ ይሳሳታል፤ ትምህርቱን መደምደሚያ አድርጎ ሌላውን ዝም የሚያሰኝም እንዲሁ።

«ሸክም» የሚለው ቃል መምጣቱ አይቀርም። አትከልክሉት፤ «የምን ሸክም?» ብላችሁ ጠይቁ። ውኃ መቅዳት ነው? ሌሊት መገላበጥ ነው? የመድኃኒት ገንዘብ ነው? በስሙ የተጠራ ነገር መፍትሔ ይፈለግለታል።

ከአባላቱ አንዱ «እኔስ መሞት እፈልጋለሁ» ቢል ክርክሩ እዚያው ይቆማል። «ኃጢአት ነው» ብሎ መቆጣትም፣ ማጽናኛ ማዥጎድጎድም አይረዳውም። አንድ የሚያምነው ሰው ገለል አድርጎ ያዳምጠው፤ ራሱን ለመጉዳት አስቦ እንደሆነ በግልጽ ይጠይቀው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያሳድርበትም። አስቦ ከሆነ ብቻውን አይተዉትም፤ የአእምሮ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል በዚያው ቀን አብረውት ይሄዳሉ፤ በማግስቱም ቤቱ ይጠይቁታል።

ቃለ ጉባኤው «በታገዘ ሞት ሕግ ላይ ተወያይተናል» ብሎ ካለቀ ድካሙ ከንቱ ነው። ከተነሡት ጉድለቶች ሁለት ወይም ሦስት መርጣችሁ ለሚመለከተው አካል በጽሑፍ አቅርቡ። ጤና ጣቢያው መግቢያ ላይ ደረጃ እንጂ መወጣጫ ከሌለው፣ የአገሪቱ የሕንፃ ሕግ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖረው እንደሚያዝ ጠቅሳችሁ ጻፉ። የሕመም ማስታገሻ እጥረት ከተነሣ፣ ለሆስፒታሉ አስተዳደር የትኛው መድኃኒት ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋ በስሙና በቀኑ ግለጹ፤ «መድኃኒት የለም» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም።

የቀረው ጥያቄ ወደ እድሩ ይሄዳል። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ገንዘብ ይሰጣል፣ ቀብር ያስፈጽማል፤ ሰውየው አምስት ዓመት ሲተኛ ግን መተዳደሪያ ደንቡ ምንም አይልም። የማሻሻያ ሐሳቡን ለእድሩ ዳኛ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ስጡና በጠቅላላ ጉባኤ እንዲታይ ጠይቁ፤ ከመዋጮ ጭማሪ አትጀምሩ፣ ከጉልበት ጀምሩ። እኛ ሰፈር የጸደቀው አስታማሚዋ ቅዳሜ ገበያ እንድትወጣ ሁለት አባላት በተራ በሽተኛው ዘንድ ይዋሉ የሚል ነበር። በዓመቱ አንድ ያገለገለ ተሽከርካሪ ወንበር ተገዛ። የት ይመዝገብ በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደርጎ በመጨረሻ በንብረት መዝገቡ ላይ ከድንኳኑ ቀጥሎ፣ ከብረት ድስቶቹ በላይ ተጻፈ፤ አሁን በሦስተኛው ቤት ነው ያለው፣ የፊት ጎማዋ ግን ኮብልስቶኑን አልቻለችውም፤ መቀየር አለባት።