ስልክህ ላይ ምን ጫንክ? የአንድ ፕሮግራመር አባት መልስ

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ሰንጋ ተራ አካባቢ ያለ ቢሮ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የሰው ሲስተም ሳስተካክል እውላለሁ። ማታ ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ወደ ራሴ ሲስተም እመለሳለሁ። እዚያ ሁለት ልጆች አሉ። ናይት ዲዩቲ የምታድር ነርስ ባለቤቴ አለች። አማቴ አሉ። አንድ የሰርቪስ ሹፌርም አሉ። እውነቱን ለመናገር የቢሮው ይሻላል። ቢያንስ ሲበላሽ ምን እንደሆነ ጽፎ ያሳያል።

ጓደኞቼ "አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፤ ለቤት የሚሆን ምን አፕ አለ?" እያሉ ይጠይቁኛል። ድሮ ረጅም ዝርዝር እልክላቸው ነበር። አሁን መልሼ እጠይቃለሁ፦ ልጆቹን ከሰርቪስ የሚቀበለው ማነው? ምን ስልክ ይዟል?

ይህን ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው። እማማ የያዙት ባለ ቁልፍ ኖኪያ ነው። ከሰዓት ልጆቹን የሚቀበሉትም እሳቸው ናቸው። አንድ ሰሞን እኔ ሆዬ ለቤተሰብ የተሠራ የፕሮግራም ማውጫ አፕ ጫንኩ። ለያንዳንዱ ሰው ቀለም አለው። ማን ልጅ እንደሚያመጣ፣ ማን ዳቦ እንደሚገዛ ይመድባል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን ተጠቀምኩበት። ባለቤቴ ዲዩቲ ላይ ስልክ አትነካም። ሹፌሩ ጋሼ "ልጄ፣ ቴሌግራም ላይ ላክልኝ" አሉኝ። እማማን ለመጠየቅም አፈርኩ። አጠፋሁት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ነገር ስመርጥ የማየው በቤታችን ካሉት ስልኮች ርካሹን ነው። እሱ ላይ የማይሠራ ከሆነ ቢያንስ ያለ እሱ መሥራት አለበት።

ስለዚህ ከኖኪያው እንጀምር። ከእማማ ጋር ያለን "አፕ" ሚስኮል ነው። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ ልጆቹ ገብተዋል ማለት ነው። ወዲያው ሁለተኛ ከጠራ "ደውል" ማለት ነው። ዳታ አይፈልግም፣ ሂሳብ አይቆርጥም። ችግሩ በኔ በኩል ነበር፤ ስብሰባ ላይ ስልኬን ዝም አሰኘዋለሁ። አንድሮይድ የያዛችሁ እንዲህ አድርጉ። ስልክ ማውጫው ላይ የሰውየውን ስም ክፈቱና የኮከቧን ምልክት ንኩ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ "ዱ ኖት ዲስተርብ" የሚለው ጋ ገብታችሁ ኮከብ ያላቸው ሰዎች ጥሪ እንዲያልፍ ፍቀዱ። እዚያው በ15 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ የሚደውል ሰው እንዲያልፍ የሚያደርግ ምርጫም አለ። እሱንም ክፈቱት። ከትምህርት ቤት በማታውቁት ቁጥር ሲደወል የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ቴሌግራም ውስጥ አለመስጠም

ትምህርት ቤቱም፣ ሰርቪሱም፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴም፣ የባለቤቴ ዕቁብም ቴሌግራም ላይ ናቸው። ሌላ አፕ ለመፈለግ መድከም ዋጋ የለውም። ያለውን ማረቅ ነው።

የትልቋ ክፍል ግሩፕ ውስጥ አንድ ማስታወቂያ ይለጠፋል። ከሥሩ 40 "እሺ መምህር" እና 20 "አሜን" ይከተላል። አንድ ጊዜ "አርብ የባህል ልብስ" የምትል መልእክት በዚህ መሃል አመለጠችኝ። ልጄ ከክፍሉ ብቻዋን ዩኒፎርም ለብሳ ዋለች። ማታ ምንም አላለችኝም፤ ያ ባሰብኝ።

አሁን ግሩፑ ድምፁ ጠፍቷል። ከሥራ ቻቶች ተለይቶ "ልጆች" በሚል ፎልደር ውስጥ ገብቷል። ፎልደር የሚሠራው ከቴሌግራም ሴቲንግ ነው። በቀን ሁለቴ፣ ጠዋት ከመውጣቴ በፊትና ማታ ከእራት በኋላ፣ ፎልደሩን ብቻ አያለሁ። ቁም ነገር ያላትን መልእክት "ሴቭድ ሜሴጅስ" ወደሚባለው የራሴ ቻት እወስዳታለሁ። እዚያ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። "አርብ የባህል ልብስ" ብላችሁ ጻፉና የመላኪያውን ቁልፍ ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ሪማይንደር አድርግ የሚል ይመጣል። ሐሙስ ማታ ላይ አድርጉት። ራሱ ቴሌግራም ያስታውሳችኋል።

ሌላው ሰርቪሱ ነው። ጋሼ ልጆቹን ጭነው ሲነሱ በወላጆች ግሩፕ ላይ ላይቭ ሎኬሽን ይከፍታሉ። የአባሪዋን ምልክት ነክቶ፣ ሎኬሽን ብሎ፣ ላይቭ የሚለውን መምረጥ ነው። 15 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት፣ 8 ሰዓት እያለ ምርጫ ያቀርባል። እኛ የተስማማነው በ1 ሰዓቱ ነው። አንዳንድ ወላጅ 8 ይሁን ብሎ ነበር። ሰውየው ልጆቻችንን አድርሰው ወዴት እንደሚሄዱ ምን አገባን? ዳታውንም ወላጆች በየተራ እየገዛን እንልክላቸዋለን። በገዛ ካርዳቸው ጠብቁን ማለት ነውር ነው።

ቴሌግራምን ሳልለቅ፣ ሴቲንግ ውስጥ ዳታና ስቶሬጅ የሚለው ጋ ገብታችሁ በሞባይል ዳታ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉ። የወላጆች ግሩፕ ውስጥ በየማለዳው የሚለቀቀው የመልካም ቀን ቪዲዮ ጥቅላችሁን የሚበላው እንዲሁ ነው።

ካላንደር፣ ራስ ምታቴ

እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ።

መጀመሪያ ሰዓቱ። የወላጆች ስብሰባ "ሐሙስ 3 ሰዓት" ተባለ። ጉግል ካላንደር ላይ 3 ሰዓት ብዬ መዘገብኩ። ስልኬ በፈረንጁ ሦስት፣ ማለትም በእኛ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ጮኸ። ሄድኩ። ጥበቃው "ስብሰባው ጠዋት አልቋል" አለኝ። ኮድ ስጽፍ የሰዓት ልዩነት ባሳሳት ሥራ አስኪያጁ ይቆጣኛል። እዚህ የተቆጣችኝ ባለቤቴ ነች።

መላው ቀላል ነው። ካላንደሩን በ24 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ከዚያ ለቀን ሰዓት 6 ደምሩ፣ ለማታ 18። ጠዋት 3 ሰዓት 9:00 ነው። ከሰዓት 9 ሰዓት 15:00 ነው። ማታ 1 ሰዓት 19:00 ነው። በተጨማሪ የቀጠሮው ስም ላይ ራሱ "ጠዋት 3 ሰዓት፣ ስብሰባ" ብላችሁ ጻፉ። ስልኩ ቢሳሳት እናንተ ስታዩት ትነቃላችሁ።

ቀኑ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ትልቋ የተወለደችው ኅዳር 21፣ በጽዮን ቀን ነው። በፈረንጁ ኖቬምበር 30 ይውላልና "በየዓመቱ ድገም" ብዬ ሞላሁት። በ2016 ስልኬ ሲያስታውሰኝ ኬክ አዝዤ ገባሁ። እማማ ኬኩን አዩና "ጽዮን እኮ ነገ ናት" አሉ። ልክ ነበሩ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ቀን ሆነች። የ2016 መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ዋለ። ከዚያ እስከ የካቲት 21 ድረስ ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጁ አንድ ቀን ገፉ። ኅዳር 21 ዲሴምበር 1 ሆነ። ጥምቀትም ጃንዩዋሪ 20 ላይ ዋለ። ገና ግን አልተነቃነቀም፤ በእንዲህ ያለው ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር በፈረንጁ ያው ጃንዩዋሪ 7 ነው። ፕሮግራመር ሆኜ ይህን ያወቅሁት ከአማቴ መሆኑ እስካሁን ይከነክነኛል።

ስለዚህ በእኛ አቆጣጠር የምታከብሩትን ቀን "በየዓመቱ ድገም" አትበሉት። ለ10 ዓመት አሥር የተለያየ ቀጠሮ አድርጉት። በእጅ የምትሞሉ ከሆነ ሕጉ ይህ ነው፦ ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ እንደ 2016 እና 2020፣ ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 ባለው ቀን ላይ አንድ ጨምሩ። ኮድ የምትጽፉ ደግሞ ቀን የሚቀይሩ ነፃ ላይብረሪዎች ለፓይተን አሉ። እኔ የልደቶችንና የበዓላትን ዝርዝር ወስዶ የአይሲኤስ ፋይል፣ ማለትም ካላንደር የሚያነበው የቀጠሮ ፋይል፣ የሚያወጣ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ፋይሉን ጉግል ካላንደር ላይ የምታስገቡት ግን ከኮምፒውተር ነው፤ የስልኩ አፕ አይቀበልም። እኔ ይህን ሳላውቅ ስልኬን ስነካካ ግማሽ ሰዓት አቃጥያለሁ።

አራስ ያላችሁ፣ ክትባቱን አሁኑኑ ሙሉት። 6፣ 10 እና 14 ሳምንት፣ ከዚያ የኩፍኙ 9 ወርና 15 ወር። ሳምንት በሁለቱም አቆጣጠር ሰባት ቀን ስለሆነ እዚህ ላይ አትሳሳቱም። ካርዱንም ፎቶ አንሱት። ካርድ ይጠፋል።

መብራት ሲሄድ

መጀመሪያ የዋይፋይ ራውተሩ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ አድርጉ። ስትገዙ የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት አይታችሁ ሂዱ። 9 ቮልትም አለ፣ 12ም አለ።

ከዚያ አሮጌ ላፕቶፕ ካላችሁ አትሽጡት። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር ጫኑበት። የካን አካዳሚን ትምህርቶችና ፌት የሚባሉትን የሳይንስ ማሳያዎች ያለ ኢንተርኔት የሚያስተምር ነው። ትምህርቶቹን አንዴ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ታወርዳላችሁ። እኔ ቢሮ አምሽቼ ነው ያወረድኩት። አለቃዬ ይህን ባያነብ ደስ ይለኛል። ቤት ስትመጡ ልጁ ከታብሌት ብራውዘር ላይ የላፕቶፑን አድራሻ ጽፎ ይገባል። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ የለውም። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቶ ከሆነ ግን ከመብራቱ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ የኔ ባትሪ ተቀይሯል። ትምህርቱ የሚበዛው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሳምንት አብራችሁ ተቀመጡ። ለአምስት ዓመቱ ልጄ ጂኮምፕሪ ይበልጥበታል፤ መቁጠርና ፊደል የሚያጫውት ነፃ ፕሮግራም ነው።

ፎቶዎቻችንን ከሁለቱ ስልኮች ወደ ላፕቶፑ የሚያስተላልፈው ሲንክቲንግ ነው። በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራ ስላደረግነው የሞባይል ዳታ አይበላም። አንድ ቪዲዮ ለባለቤቴ ለመስጠት ደግሞ በዚያው ዋይፋይ ፋይል የሚያቀብለው ሎካልሴንድ ይበቃል።

ለታብሌቱ ፋሚሊ ሊንክ አድርገናል፤ ወላጅ የልጁን ታብሌት ከራሱ ስልክ የሚቆጣጠርበት የጉግል አፕ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ከቢሮ ሆናችሁ "ቆልፍ" ብትሉት ታብሌቱ ኢንተርኔት ከሌለው ትእዛዙ አይደርስም። በየቀኑ የሚሠራውን የሰዓት ገደብ ቀድማችሁ ብትሞሉ ግን ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ቀድሞ መሙላት ከልጅ ጋር ከመጨቃጨቅም ያድናል። "ታብሌቱ ነው የዘጋው፣ እኔ ምን ላድርግ" ይባላል።

ገንዘብና ቁልፍ

የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መብራትና ውሃ በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ ነው የምንከፍለው። አፑ አልከፍት ሲል ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል። ቴሌብር በ*127#፣ ሲቢኢ ብር በ*847# ያለ ዳታ ይሠራሉ። እማማም በዚያው በኖኪያቸው ይጠቀሙበታል።

ከፍላችሁ ስትጨርሱ ስክሪንሹቱን "ሴቭድ ሜሴጅስ" ላይ ጣሉና ከሥሩ "ክፍያ፣ ትልቋ፣ 2ኛ ተርም" ብላችሁ ጻፉ። ፎቶ ብቻ ከሆነ ፍለጋ አያገኘውም። ጽሑፉ ነው የሚገኘው። አንድ ጊዜ ሒሳብ ክፍል "አልገባልንም" ተባልኩ። ቆሜ ሳለሁ "ክፍያ" ብዬ ፈልጌ በኤፍቲ የሚጀምረውን የባንኩን ቁጥር አሳየሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ፓስወርዶቻችን ቢትዋርደን በሚባል የፓስወርድ ማስቀመጫ አፕ ውስጥ ናቸው። ነፃው ለሁለት ሰው መጋራት ይፈቅዳል፤ ለባልና ሚስት ልክ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ላይ "የዋይፋዩ ፓስወርድ ምን ነበር?" ብላ መደወል አቁማለች። የቢትዋርደኑ ዋና ፓስወርድ ግን የትም ስልክ ላይ የለም። በወረቀት ተጽፎ ቁም ሳጥን ውስጥ ከልጆቹ የልደት ሰርተፍኬት ጋር ተቀምጧል። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ እማማ ጋ ነው።